እስከ ታች የሚታየው ገደል

የፊልም ተዋናይቷ የዴል ፕሩይት አስከሬን በሃድሰን ወንዝ ዳር፣ ከገደሉ ሥር ተጋድሟል። በፊልሙ ታሪክ ሽፍታው ያሰረባት ጨርቅ ገና ከዓይኗ አልወረደም። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ተዋንያኑ ሳንድዊች ይበላሉ። መርማሪ ቮስ አያቸውና ፊቱን አዞረ።

«ጥፋቱ የባሏ ነው» አለ ዳይሬክተሩ ሌስትሬንጅ፣ በካቴና ወደታሰረው ሃይራም እያመለከተ። «ገደሉ ወገብ ላይ ባለው እርከን ፍራሽ ማንጠፍ የሱ ሥራ ነበር። ፍራሹ ይኸው ጋሪው ላይ!»

«አንጥፌዋለሁ! ከዚያ አይደል ፈረስ አምጣ ብለህ የላክኸኝ? ለገዛ ሚስቴ እረሳለሁ?»

«የወህኒ ቤት ሾርባ ስትጠጣ ትዝ ይልሃል።»

ቮስ ወደ ካሜራማኑ ወደ ኦቶ ሄደ። «ይህን ተከታታይ ፊልም ባለቤቴ አንድም ቅዳሜ አታልፈውም። ልጅቷ ገደል ገባች ብላ ስታለቅስ ትሰነብታለች፤ በሳምንቱ ልጅቷ ደህና! እንዴት ነው የምታታልሏት?»

«ዴል ገደሉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ የዳይሬክተሩን ፉጨት ስትሰማ እጇን ትለቃለች፤ ፍራሹ ላይ ታርፋለች። እርከኑ እንዳይታይ ካሜራውን ጠጋ አድርገን ነው የምናነሳው፣ ጌታዬ።»

«ዛሬስ?»

ኦቶ አንገቱን ደፋ። «ዛሬ ዳይሬክተሩ ራቅ በል አለኝ። በእሷ ፈንታ የጭድ አሻንጉሊት እንጥላለን ብሎ።»

ቮስ በካሜራው አጮለቀ። ገደሉ ከአናቱ እስከ ሥሩ ይታያል፤ እርከኑም መሐል ላይ። ሁሉንም ሰበሰባቸው።

«ሚስተር ሌስትሬንጅ፣ ካሜራውን እዚህ ያስቆመው ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«ከዚህ ፍራሹ ቢታይ ተመልካቹ ይስቅብዎት ነበር። እንደማይኖር በምን አወቁ?»

«አሻንጉሊት ልንጥል ነበር፤ አልነገረዎትም?»

«አሻንጉሊቱ የታለ?»

ተዋንያኑ እርስ በርስ ተያዩ። ያየው አልነበረም።

«ታዲያ ለማን አፏጩ?» አለ ቮስ። «ሃይራምን ላኩት፤ ፍራሹን አነሡ። ዓይኗ ለተሸፈነ ሴት አፏጩላት። እሷም ባሏ ያነጠፈላት ላይ የምታርፍ መስሏት ለቀቀች።»

«ሕዝቡ ውሸት ሰልችቶታል!» ሌስትሬንጅ ጮኸ። «ባለፈው ሳምንት አዳራሽ ሙሉ ሰው አጭበርባሪዎች ብሎ ሰደበን! አሁን ይምጡና ይስደቡ።» ወደ ካሜራማኑ ዞረ። «ኦቶ፣ ጥርት ብሎ ወጥቷል?»

ኦቶ ጎንበስ ብሎ አስመለሰ።

ቮስ ካቴናውን ከሃይራም ፈትቶ በዳይሬክተሩ እጅ ላይ ቆለፈው፤ የሞተ አይጥ እንደሚያነሣ ሰው፣ ገላው እንዳይነካው እየተጠነቀቀ።