‹ጋሼ፣ ደርሷል?›

«የታሪኩ ስም ይህ ነው። ፈራሁ ካልሽ በሩ ክፍት ይሁን፣ ትርንጎ። ግን አታቋርጪኝ።»

መብራት ጠፍቷል። የግቢው ተከራዮች ጋሽ መርዕድ ክፍል ተሰብስበን ታሪክ ያወራልናል። የሚታየው የሲጋራው ጫፍ ብቻ ነው።

«ድሮ ነው። መንደሩ ስሙ ይቅር። ላቀው የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። በመንደሩ ያለው ካሜራ አንድ፤ እሱም የላቀው። ፊልም የሚያጥበው ጓዳው ውስጥ፣ በጨለማ ነው። ሰው በሩን ገፋ ሲያደርግ ምን ይላል? ‹በሩን ዝጋው! ብርሃን ይገባል!› ቄስ አይል፣ ዳኛ አይል። ‹በሩን ዝጋው!›

«አንድ ቀን አስካለ የምትባል ልጃገረድ መጣች። ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ነጭ ቁልፍ ያለው ቀሚስ ለብሳለች። ‹አትነቃነቂ› አላት። አልተነቃነቀችም። ቀጭ። ቀጭ። ፊልሙን ሲያጥበው ባዶ! ለምን? የፊልሙ ጫፍ የካሜራውን ጥርስ አልያዘም። እሱ ያጠነጥናል፣ ያነሳል፤ ፊልሙ ካለበት ንቅንቅ አላለም።»

«አትነቃነቂ ሲል ፊልሙም ሰምቶ ነዋ!» አለ ደግፌ። ሳቅን።

«ሳቅ አንተ። ላቀው ግን አልሳቀም። መንደሩ ምን ይለኛል አለ። አስካለ መጣች። ‹ጋሼ፣ ደርሷል?› ‹ነገ።› በነጋታው መጣች። ‹ጋሼ፣ ደርሷል?› ‹ነገ።› ከዚያ ቀረች። ለምን ቀረች?»

ጋሽ መርዕድ የሲጋራውን አመድ አራገፈ።

«ታማ ሞተች። እናቷ እትዬ ውዴ ላቀው ደጅ መጥታ ቆመች። ‹ልጄ፣ ፎቶዋን ስጠኝ። ለቅሶው ላይ ምን ይዤ ላልቅስ? ሌላ መልኳ የለኝም።›»

«ነገራት?» ትርንጎ ናት።

«አንቺ ብትሆኚ ትነግሪያት ነበር? አልነገራትም። ጓዳ ገባ። ቀደም ሲል ያነሳት አንዲት መንገደኛ ልጅ ነበረች፤ ተነቃንቃ ፊቷ የደበዘዘ። እሷን አተመና ሰጣት። የእትዬ ውዴ ዓይን ደክሟል። ጎረቤቱ ደግሞ ያለቅሳል እንጂ ማን ያጣራል? ድንኳኑ ውስጥ ፎቶውን ከፍ አድርጋ፣ ደረቷን እየመታች፣ ‹ወይኔ መልክሽ! ወይኔ ዓይንሽ!› እያለች ለማታውቃት ልጅ አለቀሰች። ላቀው ቆሞ ሰማ።

«ፀሐይ ስትገባ ከለቅሶው ወጣ። መንገዱ ባሕር ዛፍ ለባሕር ዛፍ ነው። ሰው የለም። ብቻውን። ለምን ብቻውን? ሰው ቢያጅበው ስለ ምን ያወራል?

«ሄደ። ፊት ለፊቱ አንድ ነጭ ነገር። ወረቀት መሰለው። ሄደ። ነጩ ቁልፍ ሆነ። ሄደ። ከቁልፉ ቀሚስ ወጣ። ፎቶ መድኃኒቱ ውስጥ ሲነከር እንደሚወጣው፣ ቀስ እያለ፣ እጅ ወጣ። አንገት ወጣ። ፊትስ? ፊት አልወጣም። ባዶ ነው። ምንም ያልታተመበት ወረቀት።

«‹ጋሼ፣ ደርሷል?›

«ሮጠ። መሬት ይሁን አየር የረገጠውን አያውቅም። ቤቱ ገባ፣ ጓዳው ገባ። ጨለማ። እፎይ አለ። በጨለማ ምን ይታያል? በሩን ሊስብ እጁን ዘረጋ። ይሄኔ ከውስጥ፣ ከትከሻው አጠገብ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ፦

«‹ጋሼ፣ በሩን ዝጋው። ብርሃን ይገባል።›»

«ዘጋው?» አለች ትርንጎ።

ጋሽ መርዕድ ሲጋራውን ሳብ አደረገ። በፍሙ ብርሃን ሊመልስ አፉን ሲከፍት አየን።

ከኋላችን በሩ ድርግም ብሎ ተዘጋ።