ሦስተኛው ገንዳ

የባሕር ምርምር ጣቢያው አለቃ ጠዋት የተገኘው ጀልባ መታሰሪያው ሥር በደረቱ ተንሳፍፎ፣ አፉ ሰሞኑን ባሕሩን በሸፈነው ልጋግ ተጠቅጥቆ ነው። ወይ ጉድ! ዕድሜ ልኩን ያጠናው ልጋግ አንቆ ገደለው ተባለ። ፖሊሶቹ ግን ዓሣ አጥማጅ ወንድሙን ያዙ። አለቃው ባሕሩ ለዓሣ አጥማጆች ይዘጋ ብሎ ስለጻፈ፣ ወንድምየው በሰው ፊት «እገድልሃለሁ!» ብሎት ነበር። እስከ ማታ ሌላ ነገር ካልተገኘ ወህኒ ይወርዳል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬ ሲፈስባት እንክርዳዱ እሷ ጋ ይቀራል። መጀመሪያ የሟቹን ሚስት ጠየቀች።

«ባለቤትዎ ሰሞኑን ምን ይሉ ነበር?»

«ከእኔ ጋር መቼ አወራና! የኖረው ጣቢያው ገንዳ ውስጥ ከሚያሳድገው ከዚያ ዝቃጭ ጋር ነው። ሰኞ ገንዳዎቹን ደፍቼ እገላገላለሁ ሲል ግን ሰምቻለሁ፤ እሰይ አልኩ።»

«አላዘኑም?»

«ሐዘኑን ከሃያ ዓመት በፊት ጨርሼዋለሁ።»

ወንድምየው ካቴና በገባበት እጁ ዓይኑን ጠረገ። «ከልጅነታችን ጀምሮ ስንቴ እገድልሃለሁ ብዬዋለሁ መሰለዎት? ወንድሜ እኮ ነው!»

የአለቃው ረዳት ጣቢያው ውስጥ ሦስት ገንዳዎች ያሉበት ክፍል ነበረች። «ልጋጉን የሚያወጡት እነዚህ በዓይን የማይታዩ የባሕር ዕፀዋት ናቸው» አለች። «በየገንዳው አንድ ዓይነት ብቻ። ሦስተኛው ውስጥ ያለው ሲሊንድሮቴካ የሚባለው ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ጠብታ ያልተጣራ የባሕር ውኃ ከገባ አለቀላቸው።»

«ሊደፉ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አልሰማሁም።»

ወንፊት ከየገንዳው ቀድታ ወደ አስከሬን መርማሪው ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ባሕሩ ላይ ባለው ልጋግ ውስጥ ሠላሳ ዓይነት ተቆጥሯል። የሟቹ አፍ ውስጥም ያው ነው። ሳንባቸው ውስጥ ግን አንድ ብቻ፤ ሲሊንድሮቴካ። የሞቱት እዚህ ሦስተኛው ገንዳ ውስጥ ተደፍቀው ነው። ልጋጉ በኋላ የተጠቀጠቀ ነው።»

«የክፍሉ ቁልፍ ሦስታችንም ጋ አለ» አለች ሚስትየዋ።

«ልክ ነዎት። ሰው ሲደፈቅ ይራገጣል፤ ውኃ ይፈሳል። ገንዳው ግን እስከ ምልክቱ ሙሉ ነው። እርስዎ ወይም ወንድማቸው ብትሆኑ በመስኮቱ ሥር ካለው ባሕር በባልዲ ቀድታችሁ ትሞሉት ነበር፤ ሠላሳውም ዓይነት ይገባ ነበር። አንድም እንግዳ ዓይነት ግን አልገባበትም። የሞላው ሰው በማጣሪያ አንጠባጥቦ ነው የሞላው። ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሁለት ሰዓት» አለች ረዳቷ፣ ከልማድ።

«ሬሳው እግርሽ ሥር ተጋድሞ ሁለት ሰዓት ማጣሪያውን ጠበቅሽ።»

«አንቺ!» ብሎ ወንድምየው ተነሣ። «እኔን ሲያስሩኝ ቆመሽ አየሽ?»

«አምስት ዓመቴን እየሳቀ ሊደፋው!» አለች ረዳቷ። «የገንዳውን መድፈኛ ሊነቅል ጎንበስ ሲል ማጅራቱን ያዝኩት። ውሰዱኝ። ገንዳውን ግን አትንኩብኝ፣ በሞቴ! ሕይወት አላቸው።»

ወንፊት ከመደርደሪያው የአዮዲን ጠርሙስ አወረደች። «ማስረጃው ፍርድ ቤት እስኪቀርብ መለወጥ የለበትም። ይሄ ባለበት ያቆየዋል።»

«ይገድላቸዋል እኮ!»

«አዎ፣ ይገድላቸዋል» አለችና ገለበጠችው።

ውኃው ሲጠቁር ረዳቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እሪ ብላ አለቀሰች።