እርካቡን አትያዝ

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የቡታጅራ ነጋዴ ልጅ ነኝ፣ አባቴ አሰላ ገበያ ውስጥ ጨውና ላምባ እየሸጠ ነው ያሳደገኝ፣ ጠንቋይ ቤት የሚሄድ ደንበኛ ባየ ቁጥር «ለሱ የምትወስደውን ለኔ ብታመጣው ስኳር እንኳ ትልስበት ነበር» ይል ነበርና፣ እኔም ይህንኑ ወርሼ በሰው ፍርሃት ስስቅ ነው የኖርኩት። ደግሞ ነገሩ ሌሊት ሆኖ ቢሆን ህልም ነው ብዬ በተገላገልኩ፣ ግን በቀን ነው የሆነው፣ ከምሳ በኋላ፣ በስልሳ አምስት ክረምት።

ያን ጊዜ ከጓደኛዬ ከአማን ጋር እዚያው አሰላ ትንሽ ጎሚስታ ቤት ነበረችን። አማን ከዲክሲስ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ እጁ የነካው ጎማ ዳግመኛ አይተነፍስም፣ በመስከረም ደግሞ ዘይነባን ሊያገባ ቀን ተቆርጦለታል። አንድ ጉድ ብቻ ነበረበት፣ ፈረስ ሲያይ መንገድ ይሻገራል። «የአርሲ ልጅ ሆነህ ፈረስ ትፈራለህ?» እያልኩ አላግጥበት ነበር፣ እሱም ፈገግ ብሎ ያልፈኛል።

ያን ቀን የጭላሎ ተራራ ጭጋጉን ከተማው ላይ ደፍቶት ከመንገዱ ማዶ ያለው ሻይ ቤት እንኳ አይታይም። አማን ጎንበስ ብሎ ጎማ ይነፋል። ኮቴ ሰማሁ፣ ኮረኮንቹ ላይ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል፣ ቤት የሚፈልግ እንግዳ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ ዳማ ፈረስ ወጣ፣ ኮርቻ እንደተጫነ፣ ሰው የለበትም፣ መጥቶ በራችን ላይ ቀጥ አለ። ታምኑኛላችሁ፣ አንደኛው እርካብ ይወዛወዝ ነበር፣ አሁን ሰው የወረደበት ይመስል።

«አማን፣ እንግዳ መጣልህ» አልኩት ለቀልድ።

ቀና አላለም። «ሂድ በለው» አለኝ።

አጨበጨብኩ፣ ገፋሁት፣ ንቅንቅ አላለም። በዚህ መሃል ጓደኛችን ደምሴ፣ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከዲክሲስ እህል ጭኖ ደረሰና ከመኪናው ወርዶ ፈረሱን ሲያይ ክው አለ።

«ይሄ ፈረስ እዚህ ምን ያደርጋል? ዛሬ ጠዋት ዲክሲስ ለቅሶ ላይ ነው እኮ ያየሁት! የሟቹ ሽማግሌ ፈረስ ነው፣ እየሳቡ ሲያለቅሱበት ቆሜ አይቻለሁ። እኔ በመኪና ገና አሁን መድረሴ ነው፣ እሱ በምን መጣ?» ቀጠለና «ሽማግሌው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ በግጦሽ የተጣሉት ሁለቱ ወገኖች ጦር ይዘው ወንዙ ዳር ተፋጠዋል፣ ነገ ደም ይፈሳል ይላሉ» አለን።

አማን የያዘውን ብረት አስቀመጠ።

«ወልዴ» ብሎ ጠራኝ፣ «ልጅ ሆኜ ነው። ሽማግሌው እኛ ቤት አድረው ጠዋት ሊሄዱ ሲሉ እርካባቸውን ያዝኩላቸው። ለትልቅ ሰው ይያዝ የለ? ከፈረሱ ላይ ሆነው አዩኝና አዘኑልኝ። ‹ማን ያዝ አለህ፣ ልጄ?› አሉኝ። ለካ ለእሳቸው አይያዝም። የያዘ እሳቸውን ይተካል።»

«ምን ሆኖ?»

«በሁለት ጦር መሃል የሚቆም ሆኖ። ይሄ ፈረስ መሃል ከገባ ማንም አይወረውርም። ግን የሚቀመጥበት ሰው ቤት የለውም፣ ሚስት የለውም፣ ወደ ነበረበት አይመለስም። ይህን ሸሽቼ ነው አሰላ የገባሁት።»

«አቦ ተወው!» አለ ደምሴ፣ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። «በሩን ዝጉት፣ ሲሰለቸው ይሄዳል።»

ዘጋነው። ሦስታችንም ጨለማው ውስጥ ተቀመጥን። የፈረሱ ትንፋሽ ከውጭ ይሰማል። ቆይቶ እርካቡ የቆርቆሮውን በር ይመታ ጀመር፣ ኳ፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ኳ።

«ከወንዙ ወዲያ ያሉት የአባቴ ወንድሞች ናቸው» አለ አማን፣ «ወዲህ ያሉት የእናቴ። ወላሂ እኔ አልፈለግኩም።» ተነሥቶ በሩን ከፈተው።

«ዘይነባን ምን እንበላት?» አልኩት።

በረባሶውን አወለቀ፣ የዚያ አገር እርካብ አውራ ጣት ብቻ የምትገባበት ቀለበት ናት፣ በጫማ አይሆንም። ግን ስንት ዘመን ፈረስ ላይ ያልወጣ ሰው ነው፣ ቀለበቷ እየተሽከረከረች አስቸገረችው፣ አንዴ ሳታት፣ ሁለቴ ሳታት። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ጎንበስ ብዬ ያዝኩለት።

«አትያዝ!» ብሎ ጮኸ።

ጣቱ ገብታ ነበር። በዚያ ብርድ ብረቱ ትኩስ ነበር። አማን ከላይ ሆኖ አየኝ፣ እንዲያ ያለ ሐዘን በሰው ዓይን ውስጥ አይቼ አላውቅም።

«ማን ያዝ አለህ፣ ወልዴ?» አለኝና ጭጋጉ ዋጠው።

ወንዙ ዳር ደም አልፈሰሰም። ደምሴ በሳምንቱ ከዚያ ሲመለስ፣ አንድ ሰው በዳማ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ውሃው መሃል ቆሞ ዋለ ሲሉ ሰምቶ መጣ። አማንን ከዚያ ወዲህ አላየነውም፣ ዘይነባም ብዙ ጊዜ እየመጣች በረባሶውን አይታ ትመለስ ነበር።

በዓመቱ፣ ክረምት ላይ፣ ጭጋጉ እንደዚያው ወርዶ፣ ደምሴ እኔ ዘንድ ተቀምጦ ሳለ ኮቴው መጣ። ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመጣል። ዳማው በራችን ላይ ቀጥ አለ፣ ኮርቻው ባዶ ነው። የአማንን ሞት ያወራ ሰው የለም፣ ለቅሶ የሰማ የለም። ቀርቤ ቀለበቷን ነካኋት። ትኩስ ናት። አማኔ፣ ወንድሜ፣ አሁን ነው እግርህ የወጣው አልኩ በሆዴ፣ እንባዬም መጣ።

ፈረሱ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ አንድ እግሬን ከጫማዬ አውጥቼው ነበር። ደምሴ ይህን አይቶ፣ ደንግጦም ሊሆን ይችላል፣ እንዳልወድቅበትም ሊሆን ይችላል፣ እጁን ወደ እርካቡ ዘረጋ።

«አትያዝ!» አልኩ። በእግዜር ስም እምላለሁ፣ ድምፁ የኔ አልነበረም፣ የአማን ነበር።

ፈረሱ ሁለታችንንም አየን። ከዚያ ዞሮ ብቻውን ወደ ጭጋጉ ገባ፣ ለምን እንደተወኝ አላውቅም፣ ጨርሶ ይተወኝ፣ ቀጠሮ ሰጥቶኝ ይሂድ፣ እሱንም አላውቅም።

በረባሶው ዛሬም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ጭላሎ ጭጋግ ባወረደ ቁጥር ደምሴ፣ ሽማግሌ ሆኖም፣ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል፣ እኔ ደግሞ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምተኛው።