ከግድግዳ የተለየች እጅ

ክሪስፒን ማቱራና ከምድር ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ በቢጫ ሸራ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። አንገቱ ተሰብሯል። ፊቱ ላይ ያለው የጭስ ጭምብል ግን ጭረት እንኳ አልነካውም፤ መስታወቱ እንደበራ ነው።

ኢንስፔክተር ኖልቪያ ኦያርሱን ኮረብታውን ወጥታ ስትደርስ ያልጨረሰችው ምሳ፣ ግማሽ ማራኬታ ዳቦ፣ በእጇ ነበር። ማንም «ደህና ዋልሽ» አላላትም። በወደብ ከተማዋ በቫልፓራይሶ እሳት አጥፊው ደመወዝ የለውም፤ በገዛ ፈቃዱ እሳት ውስጥ የሚገባ ሰው ነውና ከአለቃው በስተቀር ማንም ሲጠይቀው አይወድም። የኪንታና ኮረብታ ጓድ ደግሞ በዚህ ነገር ከሁሉም ይብሳል።

«እዚህ የፖሊስ ሥራ የለም» አላት ካፒቴን አንሴልሞ ቤርጋራ፣ መንገዱን በትከሻው ዘግቶ። «ልምምድ ላይ ነበርን። ባዶውን ቤት በጭስ ሞላነው፤ ክሪስፒን ምክትሌ ነው፣ ገባ፣ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ምድር ቤት ወደቀ። ገዳይ ካማረዎት ያቻትና።»

ጣቱን የቀሰረው ታብሌት ደረቷ ላይ ለጥፋ በቆመችው ወጣት ላይ ነው። ማይቴ ትባላለች፤ ጭምብሎቹን ልታስተምር ከዋና ከተማ የመጣች ናት።

«መሣሪያው አልተበላሸም» አለች ማይቴ።

«ከእጅ አይሻል ዶማ ብዬ ነበር» አለ ካፒቴኑ። «ሰሚ አጣሁ።»

ኖልቪያ ዳቦዋን ጎረሰች። «ጭምብሉ ምን ያደርጋል?»

«ጭስ ውስጥ ዓይን አያይም። ጭምብሉ በሙቀትና በድምፅ ያይና ግድግዳውን፣ በሩን፣ ወለሉን መስታወቱ ላይ በአረንጓዴ መስመር ይስላል። ሰውየው እውነተኛውንም የተሳለውንም አንድ ላይ ያያል። ጉድጓድ ካለ በቀይ ይከበባል።»

«ይኼኛውን ከበበው?»

ማይቴ አንገቷን ደፋች። «አልከበበውም። ወለል ነው ብሎ ሳለው።»

«በቃ፤ ራሷ አመነች» አለ ካፒቴኑ።

በዚህ መሐል የሟች ሚስት ኤደልሚራ ደረሰች። ሬሳውን አይታ አልጮኸችም። ዞር ብላ ከእሳት አደጋ መኪናው አጠገብ የቆመውን ሾፌር አየችው። ኡባልዶ ካርካሞ የገዛ ወንድሟ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በጓዱ ምርጫ ኡባልዶ ለካፒቴንነት ሲወዳደር፣ ክሪስፒን በአማቹ ላይ እጁን አውጥቶ ተቃወመው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ መኪና ሲሄዱ አንዲት ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

«አሁን አንጀትህ ራሰልህ?» አለችው። «ባሌን አንተ ነህ የበላኸው። ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም።»

ኡባልዶ ወደ እሷ ተራምዶ መሐል ላይ ቆመ። ከእናቱ ቤት የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷን ካጣ በዓለም ላይ ማንም የለውም። ኖልቪያ ይህንን ከፊቱ አነበበችው፤ ፊት ግን ማስረጃ አይሆንም ብላ ወደ ቤቱ ገባች።

ጭሱ ወጥቶ አልቋል። ልምምድ የሚገባው ሰው ቤቱን አስቀድሞ ማየት አይፈቀድለትም፤ ዓርብ ዕለት ቤቱን ያዘጋጁት ካፒቴኑ፣ ኡባልዶና ማይቴ ሦስቱ ናቸው። የገዳዩ ስም፣ ገዳይ ካለ፣ ከእነዚህ አያልፍም። ኖልቪያ በጥላሸት በተለበጠው ግድግዳ ላይ የጓንት ፈለግ አገኘች። ከበሩ ጀምሮ በግራ በኩል ይሄዳል፣ ሁለት ማዕዘን ይዞራል፣ ከዚያ በሦስተኛው ግድግዳ እኩሌታ ላይ ይቋረጣል። ወለሉ ላይ የጉልበት ፈለግ ከዚያች ቦታ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ቀዳዳው ይሄዳል። የበሰበሰ ደረጃ የተነሣበት፣ በር የሚያህል ቀዳዳ ነው። በአራቱም ማዕዘን ጣውላው ላይ አዲስ የሚስማር ቀዳዳ አለ፤ በአንደኛው ቢጫ ክር ተሰክቷል። ክሩን በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።

ውጭ ኡባልዶን የመኪናውን ጎማ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘችው።

«ዶን ኡባልዶ፣ ጭስ ውስጥ እጁን ከግድግዳ የሚያነሣ ሰው አለ?»

«የለም። ጭምብል መጣ አልመጣ ግራ እጅ ከግድግዳ አይለይም። መውጫውን የሚያውቀው እጅ ነው።»

«ክሪስፒንስ?»

«እሱማ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። እጁን ቢቆርጡት ይቀለዋል።»

«ምን ቢገጥመው ያነሣል?»

ኡባልዶ መሬት መሬት አየ። «ጓደኛ ሲወድቅ። ለሌላ ለምንም።»

«ክሪስፒን ሲወድቅ ካፒቴኑ የት ነበር?»

«ከጓሮ፣ የምድር ቤቱ በር ላይ። እኔና ልጅቷ ከፊት ነበርን። ድምፁን ሰምተን ስንሮጥ ካፒቴኑ "ማንም እንዳይከተለኝ" ብሎ ብቻውን ገባ።»

«ምን ይዞ?»

«ባትሪ በአንድ እጁ። ሌላው እጁ ባዶ ነው፤ ሲከለክለን አይቼዋለሁ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ክሪስፒንን በሸራ እየጎተተ ወጣ።»

«መኪናህ ላይ ስንት ሸራ አለ?»

«አራት። አራቱም እንደታጠፉ ናቸው፤ ይዩዋቸው። እኔ መኪናዬን ሳልቆጥር አልተኛም።»

አየቻቸው። እውነቱን ነው። ኡባልዶ ግን የተናገረው ነገር ምን እንደሆነ ራሱም አልገባውም።

ማይቴን ለብቻዋ ወሰደቻት። «የደበቅሽኝን አምጪ።»

«ምንም አልደበቅኩም።»

«ልጄ፣ አንቺ ካልተናገርሽ ካፒቴኑ ይናገርልሻል። እስከ ማታ የነፍስ ገዳይ ስም ይወጣልሻል።»

ማይቴ ታብሌቱን ከፈተች። ክሪስፒን መጨረሻ ላይ ያየው ነገር ተቀርጿል። አረንጓዴ ግድግዳ፣ አረንጓዴ ወለል፤ ከዚያ ከወለሉ ማዶ ቢጫ ሆኖ የሚብለጨለጭ የሰው ቅርጽ፣ ደረቱ ላይ 7 ቁጥር።

«እያንዳንዳቸው ደረታቸው ላይ ማንቂያ ያንጠለጥላሉ» አለች። «ቁልፉ ተነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ካልተንቀሳቀሰ "ሰው ወድቋል" ይላል፣ ጭምብሉም አቅጣጫውን ያሳያል። ጥልቀቱን ግን አያሳይም። ሰባት ቁጥር የዶን ኡባልዶ ነው። እሱ ግን ዓይኔ ሥር የመኪናውን ፓምፕ ይዞ ቆሞ ነበር። መሣሪያው ተሳሳተ ብዬ ፈራሁ። ከናገርኩ ጭምብሎቹን ሁሉ ባሕር ይጥሏቸዋል።»

«ክሪስፒን በቅርቡ ምን ጠይቆሽ ነበር?»

«የነሐሴውን ቃጠሎ ቅጂ። አንዲት አሮጊት የሞቱበትን። በካፒቴኑ ጭምብል የተቀረጸውን ብቻ።»

ኖልቪያ እሱንም ከድምፁ ጋር ወሰደች። የሁለቱንም ቅጂ ድምፅ ለማንም እንዳታሰማ አዘዘቻት።

ወሬ እግር አለው። ሰባት ቁጥር የሚለው በዚያው ቅዳሜ ኮረብታውን አዳረሰ፤ እሑድ ዕለት የጓዱ ሰዎች የኡባልዶን ቤት በር በጥላሸት ቀቡት። እንዲህ ያሉ ጀግኖች ከእሳት እንደማይሸሹ ሁሉ ከሐሜትም አይሸሹም፤ በሐሜቱ ግንባር ቀደም ነበሩ።

ሰኞ እኩለ ቀን ሁሉም በእሳት አጥፊዎቹ ጣቢያ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ኤደልሚራ ጥቁር ለብሳ ከፊት፣ ኡባልዶ ለብቻው ከግድግዳ ሥር። ካፒቴኑ ገና ቁጭ ሳይል ጀመረ።

«ምን ያጠያይቃል? ማንቂያው የሱ፣ ጥላቻውም የሱ። እሰሩትና እንገላገል።»

«ይቀመጡ፤ እንገላገላለን» አለች ኖልቪያ። «ከጭምብሉ ልጀምር። ሁላችሁም ዋሸ አላችሁት። አልዋሸም። ወለል ያየው ወለል የመሰለ ነገር ስለነበረ ነው። ቀዳዳው ላይ ሸራ ተወጥሮ በአራት ሚስማር ተመትቷል። ክሩ ይኸው። ጭምብሉ የሸራውን ፊት ያያል፤ ሰው ይሸከም አይሸከም አያውቅም።»

«ማንም ሊመታው ይችላል» አለ ካፒቴኑ።

«ይችላል። ግን ክሪስፒን በግድግዳው እየሄደ ነበር፤ ሸራው መሐል ላይ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ከግድግዳው ሊያላቅቀው ነበረበት። እሳት አጥፊን የሚያላቅቀው አንድ ነገር ነው፣ የወደቀ ጓደኛ። ሾፌር እሳት ውስጥ ስለማይገባ ኡባልዶ መኪናው ወንበር ላይ የሚተወው ሰባት ቁጥር ማንቂያ ተወስዶ በምድር ቤቱ በር ወደ ቀዳዳው ሥር ተወረወረ። ኡባልዶ ከፓምፑ አልራቀም፤ ማይቴ ስታየው ነበር፤ እሱም እሷን። የምድር ቤቱ በር ላይ የቆመው ማነው?»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ ዞረ።

«በር ላይ መቆም ወንጀል ሆነ?» አለ ቤርጋራ።

«አልሆነም። ማንቂያውን ለቅሞ ወደ ወንበሩ መመለስም ቀላል ነው። የሸራው ነገር ግን አስቸጋሪ ነው። ካፒቴን፣ ባትሪ ብቻ ይዘው ገቡ። በሸራ እየጎተቱ ወጡ። የመኪናው አራቱም ሸራ ቦታው ላይ ነው። ከየት አመጡት?»

ቤርጋራ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ሬሳውን በብብቱ ይዘው ጎትተው፣ ሸራውን ኋላ ቢያቃጥሉት እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። ግን የወደቀ ጓደኛን በባዶ መሬት መጎተት ለእናንተ ነውር ነው። የሃያ ዓመት ልማድ እጅዎን ቀደመዎት። የገደሉበትን ነገር ራስዎ በፀሐይ ዘርግተው አሳዩኝ። የሸራው አራቱም ጫፍ በሚስማር ተቀዷል፤ እንዳይታይ ከሥሩ አጥፈውት ነበር።»

«ለምን ብዬ?» አለ ቤርጋራ።

«ነሐሴ ላይ የኋላውን ክፍል ፈትሼ ባዶ ነው ብለው ፈረሙ። ጭምብልዎ ግን ሳይገቡ ከደረጃው ሥር ሲመለሱ ቀርጿል። አሮጊቷም ሲጣሩ ይሰማሉ። ክሪስፒን ቅጂውን የጠየቀው በሐሙሱ ስብሰባ ሊከስዎ ነበር። በጓዱ ደንብ ሰው ከመከሰሱ በፊት ፊት ለፊት ይነገረዋል፤ እሱም ደንቡን ጠብቆ ነገረዎት። ገደሉት።»

ቤርጋራ የደረቱን አርማ ዳበሰ። «እናንተ ብትሆኑ ትገቡ ነበር?» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «ጣሪያው እየወረደ?» ሁለት ፖሊሶች በክንዱ ይዘው ሲያወጡት ከጓዱ አንድ ሰው እንኳ ከወንበሩ አልተነሣም። የጓዱ ኩርፊያ ከባድ ነው፤ ያን ቀን ግን ተገቢ ነበር።

ኤደልሚራ ኖልቪያን ጠራቻት። «ሰባት ቁጥር መሆኑን አይቶ ነው እጁን ያነሣው? ወይስ ማንም ይሁን ብሎ?»

«አይቶ ነው። ተናግሯልም። ሁላችሁም ሳትኖሩ እንዳይሰማ ከልክዬ ነው የቆየሁት።»

ማይቴ ታብሌቱን ነካች። የጭምብል ትንፋሽ ተሰማ፣ ከዚያ ጎርነን ያለ የሰው ድምፅ፤ «ኡባልዶ። ኡባልዶ፣ አትንቀሳቀስ፣ መጣሁልህ።» ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ኡባልዶ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ ሰላም ይለኝ ነበር» አለ። «ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ሁለታችንም መስሏታል። እኔ ነኝ።»

ኤደልሚራ ወንበሯን እየጎተተች ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አልቅስ» አለችው። «እኔም ገና አላለቀስኩም።»