ከአባቷ ኋላ ያጠበቀቻቸው መጋጠሚያዎች

«ማነው ይሄን ያሰረው?» አለ አባቷ ከክፍሉ ማሞቂያ ራዲያተር ሥር ተንበርክኮ። ከመጋጠሚያው የሚንጠባጠበው ውሃ የቤቱን ባለቤት፣ የአራሷን፣ አዲስ ምንጣፍ አርሶታል።

ልጅቷ መጋጠሚያውን አየችው። ቤቱ ውስጥ ማሞቂያ የሚገጥሙት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ያቺን መጋጠሚያ ትናንት ከሰዓት በኋላ ያሰራት ደግሞ ራሱ አባቷ ነው፤ እሷ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ባትሪ ስታበራለት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ!» ቀና ብሎ አያት። «ስንቴ ነው የማሳይሽ? ቴፍሎን የቧንቧው ጥርስ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው የሚጠመጠመው። በተቃራኒው ከጠመጠምሽው ስታጠብቂው እየተላጠ ይወጣል። በቃ፣ ያው እንዲህ ያፈሳል!»

አራሷ የአሥር ቀን ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በር ላይ ቆማለች። «ኧረ ይተዉአት፣ ልጅ አይደለች እንዴ?» አለች። «ብቻ ዛሬ ይሙቅልኝ። የዚች ልጅ እግር በረዶ ሆነብኝ።»

«ዛሬ ይሞቃል እህቴ። ቃሌ ነው።»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ መጋጠሚያውን ፈታች። ውሃ እንዳያፈስ የሚታሰረው ነጩ ስስ ቴፍሎን በተቃራኒው ተጠምጥሞ ተጨማዷል። ልጣ ጣለችውና እንደገና ጠመጠመችው፤ አጠበቀችውም። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት በአንድ ቁራጭ ቧንቧ ላይ ያስተማራት ይህንኑ ነበር። አሁን አሥራ አምስት ሆኗታል፤ ቁመቷ እናቷን አልፏል፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ «ሚጡ» ነው የሚላት። ከትምህርት መልስም፣ ቅዳሜና እሁድም አብራው ትወጣለች። የክፍል ጓደኞቿ «ቧንቧዋ መጣች» እያሉ ሙድ ሲይዙባት እንኳ ደስ ይላት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው። መጀመሪያ እጁ ላይ ያለውን መፍቻ ይፈልግ ጀመር፤ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቀጥሎ ሃያ ዓመት የተመላለሰበት የዕቃ ሱቅ መንገድ ጠፋው። እናቷ «ድካም ነው፣ እንቅልፍ ያንሰዋል» አለች። ከዚያ አንድ ቤት ውስጥ ቴፍሎኑን በተቃራኒው ሲጠመጥም ልጅቷ አየችው። «አባዬ፣ ትንሹን መፍቻ ከመኪናው አምጣልኝ» ብላ ላከችውና እስኪመለስ ፈትታ አስተካከለችው። በሌሎች ሦስት ቤቶችም እንደዚያው አደረገች። የትናንቱ ግን አመለጣት።

«ነይ፣ ቦይለሩን እናብራው» አለ አባቷ ከመታጠቢያ ቤት።

ገባች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ለራዲያተሮቹ ውሃ የሚያሞቀውን ቦይለር ከታች ወደ ላይ አየችው። ከዚያ ዓይኗ ቀጥ አለ። በቦይለሩና በደህንነት ቫልቩ መካከል ሌላ መዝጊያ ቫልቭ ገብቷል። ያውም ተዘግቷል። ውሃው ከልክ በላይ ሲግል ግፊቱ የሚወጣው በደህንነት ቫልቩ በኩል ነበር። «እዚህ መሃል ዝንብ እንኳ እንዳታስገቢ! መውጫ ካጣ ፈንጂ ነው» ይላት የነበረው እሱ ነው።

የአባቷ ጣት ወደ ማብሪያው ሄደ። ከግድግዳው ወዲያ ሕፃኗ አለቀሰች።

ትንሹን መፍቻ አምጣልኝ ልትለው አፏ ላይ ደረሰ። ከሰኞ ጀምሮ ግን ፈተና አለባት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ብቻውን ነው የሚወጣው፤ ከኋላው የሚያስተካክል አይኖርም።

ዘላ እጁን ያዘችው። «አታብራው!»

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ቫልቩን እየው አባዬ።»

አየው። ረጅም ጊዜ አየው። «አሁንስ አበዛሽው» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ እኮ ሰው ይገድላል ሚጡ።»

«እኔ አይደለሁም።» «የቅድሙንም እኔ አይደለሁም ያሰርኩት። አንተ ነህ።»

«አትዋሺ!»

«ቅድም ነው የዋሸሁት።»

አባቷ ወደ ቫልቩ ተጠጋ። ቫልቩን በጣቶቹ ዳሰሰው፤ ጥርሱን፣ ዙሪያውን፣ እጀታውን፤ የሌላ ሰው እጅ ሥራ እንደሚመረምር። ከዚያ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ስንት ቤት?» አለ።

«ከዚህ ሌላ አራት።»

«አስተካከልሻቸው?»

«ሁሉንም።»

ራሱን ነቀነቀ። «እጅሽ ጎበዝ ነው ማለት ነው» አለና ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ የቱታውን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች።

ከዚያ አባቷ ስልኩን አወጣ። የደወለው «ረጅሙ» ለሚሉት ለድሮ የሥራ ባልደረባው ነበር። «አንድ ቦይለር አለ፣ መጥተህ ጨርስልኝ… አይ፣ ደህና ነኝ… እንጃ፣ ደህና አይደለሁም መሰለኝ። ና ብቻ።»

ፊቱን ታጥቦ ወደ አራሷ ሄደ። «እህቴ፣ ቃሌን አጠፍኩ። ሌላ ባለሙያ እየመጣ ነው፣ ሲመሽ ይሞቅልሻል። ጥፋቱ የኔ ነው። የልጄ አይደለም፣ የቅድሙም ጭምር።»

አራሷ አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጅቷን አየች።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ረጅሙን ጠበቁ።

«ማታ ለእናትሽ አብረን እንነግራታለን» አለ። ከዚያም፣ «ነገ ጠዋት ረስቼው ዕቃዬን ይዤ ልወጣ ብልስ? እንደገና ትነግሪኛለሽ?»

እምቢ ልትል ፈለገች። ያንን ፊት ሁለተኛ ማየት አልፈለገችም።

«እነግርሃለሁ» አለችው።

«ብቆጣሽም?»

«ብትቆጣኝም።»

መንገዱን አዩ። አንድ መኪና አለፈ፤ ሌላም አለፈ። አባቷ ድንገት ዞር አለ።

«ሚጡ፣ ለረጅሙ ብንደውልለት አይሻልም?»

ልጅቷ ወደ ትከሻው ጠጋ አለች።

«ደውለህለታል አባዬ» አለች በቀስታ። «እየመጣ ነው።»