የታጠበ አሸዋ

ሙሄዲን ከቦርከና ወንዝ ጭኖ ያመጣውን የመጀመሪያ አሸዋ ኡሙሰልማ ሳታስገለብጥ መለሰችው።

ጊዜው የ1974 ዓ.ም. በጋ ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው አስፋልት ተነስቶ እንደገና ሊነጠፍ ነው። ኡሙሰልማ የደሴ፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ ባለው የመንገድ ሥራ ካምፕ ጠጠርና አሸዋ ትመረምራለች። እሱ ደግሞ አባቱ ሊቀመንበር የሆኑበት የአሸዋ አምራቾች ማኅበር ሾፌር ነው።

«አሸዋ አሸዋ ነው፣ እህቴ! ምን ጎደለው?» አለ፣ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ።

«ና ላሳይህ።»

አሸዋውን በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ከፈሳሽ ጋር ደጋግማ ናጠችና ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ። አሸዋው ወደ ታች ተቀመጠ፤ በላዩ ግን ወፍራም ጭቃ ተንሳፍፎ ቀረ።

«አየህ? ጭቃ የለበሰ አሸዋ ሬንጅ አይዘውም» አለች። «ዝናብ ሲመጣ አስፋልቱ ውስጥ ውሃ ይገባል፤ የከባድ መኪና ጎማ ደግሞ ይልጠዋል። አንድ ክረምት እንኳ አይቆይም።»

ቀና ስትል ሙሄዲን ቱቦውን ትቶ እሷን ሲያይ አገኘችው። ሻሿን አስተካከለች። እሱም አፍሮ መሬት መሬት አየ።

በሳምንቱ አሸዋውን ነፍቶና አጥቦ መጣ፤ አለፈለት። ከዚያ ወዲህ የሚያመጣው ሁሉ ያልፍ ነበር። ናሙናው እስኪረጋ አብሯት መቆሙን ግን አልተወም።

«ማለፉን እያወቅህ ለምን ትጠብቃለህ?» አለችው አንድ ቀን።

«ወላሂ፣ ቶሎ ባይረጋ ነው ደስ የሚለኝ።»

ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትመለስ አውቶቡሱ የሐረጎን ዳገት መቼ እንደጨረሰ አላወቀችም።

መጋቢት ሲገባ የሙሄዲን አባት ጋሽ ሰይድ ወደ ኡሙሰልማ ቤት ሽማግሌ ሊልኩ ቃል ገቡ። ወዲያው ግን የበልጉ ዝናብ ጣለ። ቦርከና ሞልቶ ደፈረሰ፤ አሸዋውም ጭቃ በጭቃ ሆነ። በዚያ ላይ መንገዱ ለላብ አደሮች ቀን በዓል መድረስ አለበት የሚል ትእዛዝ ከአውራጃው ካድሬ መጣ። ማኅበሩ ማጠቡን ትቶ እንዳለ ይጭን ጀመር። ኡሙሰልማም እንዳለ ትመልሰው ጀመር።

ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ካምፑ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ እኔ ያባትሽን ደጅ ልጠና ተነስቼ አንቺ የስንት አባወራ እንጀራ ትዘጊያለሽ?»

«እርስዎን መናቄ አይደለም፣ አባባ። አሸዋው አይሆንም።»

«እንግዲያው ሽማግሌውም አይሆንም!»

ዞረው ወጡ። በሩ ላይ የቆመው ሙሄዲን አንድ ጊዜ አያትና ቃል ሳይተነፍስ አባቱን ተከትሎ ሄደ። የጎዳት የጋሽ ሰይድ ቁጣ ሳይሆን የሙሄዲን ዝምታ ነበር።

የካምፑ ኃላፊ ዓለማየሁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር እንጂ። «ካድሬው አሻጥር ነው እያለ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስከ ሰኞ ንጹህ አሸዋ ካልመጣ ያለው አሸዋ መንገዱ ላይ ይደፋል፤ አንቺም ትጠየቂያለሽ። አንድ ጊዜ ብታሳልፊው ምናለ?»

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚያድር ሁለቱም ያውቁ ነበር።

«አላሳልፈውም» አለች።

ሙሄዲን አርብም አልመጣም፣ ቅዳሜም አልመጣም። እሑድ ጠዋት መቻል ሲያቅታት ቁርጡን ልትሰማ ወደ ወንዙ ወረደች።

ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ የጠራ ምንጭ በሚወርድበት ሸለቆ፣ የማኅበሩ ሰዎች ቦይ ቀደው አሸዋ ያጥባሉ። መሃላቸው ሙሄዲን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በአካፋ ይገለብጣል። መዳፉ ተልጦ በጨርቅ ታስሯል።

«ለምን ዝም አልከኝ?» አለችው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«አባቴን ሰው ፊት ማሳፈር አልቻልኩም። ቤት ገብተን ነው የነገርኳቸው።»

«ምን አልካቸው?»

መልሱ ከጀርባዋ መጣ። ጋሽ ሰይድ ወንፊት ይዘው ቆመዋል፤ እስከ ጢማቸው ርሰዋል።

«አስፋልቱ በተላጠ ቀን ጭነት ይዤ ሐረጎን የምወርደው እኔ አይደለሁም ወይ፣ አለኝ» አሉ። «እኔ ስለ እንጀራ ስጮህ አንቺ ልጄን ትጠብቂልኝ ኖሯል። አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

ኡሙሰልማ ጫማዋን አወለቀች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋም ከሙሄዲን አጠገብ ወደ ውሃው ገባች።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላት በሹክሹክታ፣ አካፋ እያቀበላት።

ሰኞ የመጣው አሸዋ አለፈ። መንገዱ ግን ለበዓሉ አልደረሰም። ካድሬው ሲቆጣ ዓለማየሁ፣ ፈሪው ዓለማየሁ፣ «ዝናቡ ነው ያዘገየን፤ ልጅቷ ሥራዋን ነው የሠራችው» ብሎ ቆመላት። ነገሩ በዚያው ቀረ።

በግንቦት ጋሽ ሰይድ ከሽማግሌዎች ጋር ቧንቧ ውሃ ደረሱ። ደንቡ ለሌላ ቀን መቅጠር ነበር። የኡሙሰልማ አባት ግን «ልጄን ሳልጠይቅ አልቀጥርም» ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ። ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት ወጥታ መናገር አልተለመደም። እሷ ግን ብቅ አለች።

«እወደዋለሁ፣ አባዬ» አለች።

ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አበሱ። አባቷ ልጃቸውን ረዘም አድርገው አዩና ሁለት እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።