«ነበር» ያለው እንግዳ

«ማይ ማዘር ዌይትስ» አለች ክብረት ዓይኗን ጨፍና። «ማይ ማዘር ዌይትድ። ማይ ማዘር... ሃቭ ዌይትድ።»

«ሃዝ!» አለቻት ቤተልሄም። «ማዘርሽ አንድ ሰው ናት እኮ። ቲቸር ሮበሌ ማርክ የሚቀንስብሽ እዚች ጋ ነው።»

ሁለቱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ጎፋ፣ ክብረት ቤት በራፍ ላይ ተቀምጠው ለነገው የእንግሊዝኛ ፈተና እያጠኑ ነበር። ቲቸር ሮበሌ ተማሪውን አስነስቶ አንድ ግስ ይሰጠውና በሁሉም ጊዜያት ያስረባዋል። «ዌይት» ማለትም መጠበቅ ከቀላሎቹ ነው፤ ለኃላፊው ጊዜ መጨረሻው ላይ «ድ» መጨመር ብቻ ነው።

«ግን ፓስቱንና ይሄን ሃዝ የሚባለውን ምን ለያቸው? ሁለቱም ያለፈ አይደል?» አለች ቤተልሄም።

«ፓስቱ ያለቀ ነው። ጠበቀች፤ በቃ፣ ተዘጋ። ሃዝ ሲገባ ግን ድሮ ጀምራ እስካሁን ከዚያው አልተነሳችም ማለት ነው።»

«ቀለሜ» ብላ ሳቀች ቤተልሄም፤ ወዲያው ግን ሳቋን ዋጥ አደረገችው። የክብረት እናት ውብነሽ ማንን እንደምትጠብቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባሏ አባይነህ ወታደር ነው፤ በሰማንያ አንድ ወደ ሰሜን ዘመተ። ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ዓመት ቢሆነውም ከእሱ ዘንድ አንድም ወሬ አልመጣም። ውብነሽ የምትሠራበት ፋብሪካ የተሻለ ቤት ሊሰጣት ቢል እንኳ እምቢ ብላለች፤ «ሲመጣ የት ብሎ ያገኘናል?» ነው መልሷ።

የቆርቆሮው አጥር ተንኳኳ። ኮቱ ትከሻው ላይ የሰፋ፣ ጠጉሩ ያለዕድሜው የሸበተ ሰውዬ አንገቱን አስገባ።

«የአባይነህን ቤት ነበር የምፈልገው።»

ክብረት ተነሳች። «ይሄ ነው። ልጁ ነኝ።»

ሰውዬው ፊቷን አየት አድርጎ ቶሎ መሬት መሬቱን ተመለከተ። «ቱሉ እባላለሁ። ከአባትሽ ጋር አንድ ምሽግ ነበርን። ጎፋ እያለ ያወራል እንጂ የቤቱን ቁጥር ነግሮኝ ስለማያውቅ ስፈልጋችሁ ከረምኩ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ፊቱን ሲታጠብ እንኳ ይዘፍን ነበር። ዜማ ባይሆንለትም ይዘፍን ነበር። ጥሩ ሰው ነበር።»

«ነበር» የምትለዋ ቃል ክብረት ጆሮ ላይ ቀረች። የድሮ ጨዋታ ሲነሳ ሰው ሁሉ «ነበር» ይላል፤ ምንም ላይሆን ይችላል። ለማረጋገጥ፣ ቃል እየመረጠች ጠየቀችው።

«አሁንስ ይዘፍናል?»

ቱሉ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ አሸ። «ትልቅ ሰው የለም? የእናትሽ ወንድም ወይ ሌላ ዘመድ?»

የመርዶን አካሄድ ታውቀዋለች። መጀመሪያ ዘመድ ይፈለጋል፤ ዘመድ ሽማግሌ ይሰበስባል፤ ከዚያ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል።

«አጎቴ ነበር» አለች፤ ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ናዝሬት ገብቷል። አድራሻውን አናውቅም።»

ቱሉ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። «እኔ ነገ ወደ ነቀምት እመለሳለሁ። እንግዲያው እናትሽን ሰላም በያት» ብሎ ወጣ።

ቤተልሄም ተገርማ አየቻት። «ለምን ዋሸሽው? ጋሼ አምሐ ብስራተ ገብርኤል አይደል እንዴ ያለው?»

ክብረት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባቷን ካፖርት በተከፈተው በር በኩል አየችው። እናቷ በየእሁዱ አራግፋ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ብል እንዳይበላው። ሰውዬው ከሄደ በሚቀጥለውም እሁድ ታሰጣዋለች፤ ሌላም ዓመት። ሳታለቅስ፣ ቤት ሳትቀይር፣ አጥር በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጠች። አሁን ግን እሷ አታውቅም፤ ልጇ ታውቃለች። ከእናቷ ጋር አንድ ማዕድ ቀርባ ይህን ደብቃ ስትኖር ታያትና ዘገነናት።

«መጣሁ» ብላ ሮጠች።

ቱሉን የደረሰችበት ውይይት ታክሲ ሊሳፈር እግሩን ሲያነሳ ነው። «ጋሼ ቱሉ፣ ዋሽቼዎት ነው» አለችው እያለከለከች። «አጎቴ ቅርብ ነው። ይምጡ፣ ላድርስዎት።»

አልተቆጣትም። ጎን ለጎን ሆነው በእግር መንገድ ጀመሩ። ብዙ ከሄዱ በኋላ ጠየቀችው።

«ተቀብሯል?»

ቱሉ ቆመ። ለልጅ መናገሩ ከብዶት አንገቱን ደፋ፤ ዝም ማለቱ ደግሞ የባሰ ሆነበት። «አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ። ብቻውን አልነበረም» አላት።

የዚያን ጊዜ አለቀሰች። ቱሉም አጥር ተደግፎ፣ እስክትጨርስ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ጠበቃት።

ጋሼ አምሐ በሩን ከፍቶ አንዴ እንግዳውን፣ አንዴ የእህቱን ልጅ ዓይኖች ሲያይ ገባው። ክብረትን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ብዙ ቆየ። «ነገ ሊነጋጋ ሲል እንመጣለን» አላት በመጨረሻ። «ዛሬ አትንገሪያት፤ ሰው በሌለበት መስማት የለባትም። ትችያለሽ? ካልቻልሽ እዚሁ እደሪ፣ ሰበብ እልካለሁ።»

«እሄዳለሁ» አለች።

ውብነሽ ከፋብሪካ ስትገባ ሽሮው ተሠርቶ፣ እንጀራው ቀርቦ አገኘችው።

«ምነው ዛሬ? ነገ ፈተና አይደለሽ እንዴ?»

«አጥንቻለሁ» አለች ክብረት። ነገ ትምህርት ቤት እንደማትሄድ ለቤተልሄም ነግራታለች፤ ምክንያቱን ግን አልነገረቻትም።

ውብነሽ ስለ ፋብሪካው፣ ስለ አዲሱ አለቃ፣ ስለተበላሸው ማሽን እያወራች በላች፤ ልጇም አንድም ቃል እንዳያመልጣት ሆና አዳመጠቻት። እናቷ ጠገብኩ ብላ እጇን ስትሰበስብ ክብረት ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች።

«በቃኝ እኮ ልጄ።»

«ይቺን ብቻ፣ እማዬ።»

ውብነሽ እየሳቀች ጎረሰች። ክብረት ሌላ ጠቀለለች።